ስም የሌላት የአቶቴዋ ጥገና ቤትና የላፕቶፔ 847 ቫይረሶች

ቤቷ ስም የላትም። በሯ ላይ የተሰቀለው ቆርቆሮ «ኮምፒውተር ጥገና፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ይላል፣ በቃ። አቶቴ አካባቢ ናት፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብላ፣ ከአንዲት ጀበና ቡና ሻጭ ጎን። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። እኔ ሁለት ቀን ተመላልሼባታለሁ። አንዱን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አሳልፌያለሁ። ስለዚህ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ግን ምን እንዳገኘኝ ላውራ። ያለዚያ ለምን እንደማመሰግናት አይገባችሁም።

አስተማሪ ነኝ፣ እዚሁ ሀዋሳ። ሒሳብ ነው የማስተምረው። ላፕቶፔ አሮጌ የገዛሁት ዴል ነው። ራሙ 4 ጊጋ፣ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው ድርግም ይላል። ቢሆንም ሀብቴ ነው። የስንት ዓመት ፈተና፣ የተማሪዎቼ ማርክ፣ ከእናቴ ጋር ያሳለፍነው የመጨረሻው ፋሲካ ፎቶዎች እሱ ውስጥ ናቸው። ሌላ ቦታ ገልብጬ አስቀምጬ ነበር ወይ? አላስቀመጥኩም። ይኸው ተናዘዝኩ።

ነገሩ የጀመረው በልጄ ነው። 11ኛ ክፍል ናት። አሳይመንት ልትጽፍ ዎርድ ስትከፍት «አክቲቬት ካላደረግሽ» ብሎ አላሠራ አላት። በነጻ አክቲቬት የሚያደርግ ነገር እንዳለ ጓደኞቿ ነግረዋታል። ፈለገች፣ አገኘች። ገጹ ላይ «ከማውረድሽ በፊት አንቲቫይረስሽን አጥፊው፣ በስህተት ቫይረስ ነው ሊልሽ ይችላል» የሚል መመሪያ ነበረበት። ሌባ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ውሻችሁን እሰሩልኝ» እንደማለት ነው። ልጅ ናት፣ አሰረችለት።

በማግሥቱ ላፕቶፑን ስከፍት ቀይ ጋሻ ያለበት መስኮት ስክሪኑን ሞልቶ ጠበቀኝ። ስሙ «ፒሲ»፣ «ሴኩሪቲ»፣ «ፕሮ» የሚሉ ቃላት ተገጣጥመው የተሠራ ነው። ሙሉውን ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም፤ ዛሬ አንዱን ስም ይይዛሉ፣ ነገ ሌላውን። ማንም ሳያዘው መፈተሽ ጀመረ። ቁጥሩ ይሮጣል። 12 ሰከንድ ሳይሞላ «847 ቫይረስ ተገኝቷል» አለኝ። ከሥሩ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ሰዓቱ ሳያልቅ ካልከፈልሽ ፋይሎችሽ አለቀላቸው ነው ነገሩ። ዋጋው 39 ዶላር ከ99 ሳንቲም።

ይህ አልበቃ ብሎ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ትንንሽ መልእክት ብቅ ብቅ ይላል። ኮምፒውተርሽ ተጠቅቷል፣ የባንክ መረጃሽ እየተሰረቀ ነው፣ አሁኑኑ እዚህ ጋ ንኪ። አንዱን ስዘጋ ሌላው ይተካል። አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት ዙሪያውን የሚቆሙትን አባ ኮዳዎች ታውቋቸው የለ? አንዱን ስታባርሩ ሁለቱ ጠጋ የሚሉት? ልክ እንደዚያ።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው በራሴ አፍራለሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ እኮ! አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት መቶ ሺህ ፋይል አለ እንበል። ያንን በ12 ሰከንድ ለመጨረስ በየሰከንዱ ከ16 ሺህ በላይ ፋይል ማንበብ አለበት። ይቺ ዎርድ ለመክፈት ደቂቃ የሚፈጅባት አሮጊት! በዚያ ላይ ግማሹን ፊልም ሰርዤ እንደገና ሳስፈትሸው ያው 847 አለኝ። አንድ እንኳን አልቀነሰም። ተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ቢያመጣልኝ «አሠራሩን አሳየኝ» እለው ነበር። ግን ሰው ሲደነግጥ ማካፈል ይረሳል።

መክፈልም ፈልጌ ነበር። ያዳነኝ ብልጠቴ አይደለም፣ የዶላር ካርድ የሌለኝ መሆኑ ነው። የሚከፈለው በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ነው ይላል። ቴሌብር የሚል ምርጫ ቢኖረው ኖሮ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ዕለት ከፍዬ ምሳዬን እበላ ነበር። አሜሪካ ላለችው እህቴ ፎቶውን በቴሌግራም ላክሁላትና «እባክሽ በካርድሽ ክፈይልኝ» አልኳት። እዚያ ሌሊት ነበር፣ ተኝታለች። እንቅልፏን እግዜር ይባርክላት። ካርድ ቁጥሯን ለእነዚያ ሰዎች ብትሰጥ ኖሮ 40 ዶላሩ ትንሹ ጉዳት ይሆን ነበር።

እሷ ሳትነቃ መጀመሪያ የሄድኩት ፒያሳ ወዳለ አንድ ቤት ነው። መስታወት በር፣ ቬንትሌተር፣ ባንኮኒው የሚያብለጨልጭ። ስሙን አልጠራም። ልጁ ላፕቶፑን ሳይከፍት ጠየቀኝ። ይዘገያል? ይዘገያል። ማስታወቂያ ያመጣል? ያመጣል። አንዳንዴ ቀጥ ይላል? ይላል። «በቃ ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረጋል፣ ኦርጅናል አንቲቫይረስ ይጫናል፣ 1,800 ብር።» ፋይሎቼስ? «ዋስትና የለም።» የኔን ላፕቶፕ ሳይሆን የኔን ፊት ነው የመረመረው። ይዤው ወጣሁ።

አቶቴ ያለችውን ቤት የጠቆመችኝ የስታፍ ጓደኛዬ ናት። «ልጁ ፊቱ አይፈታም፣ ሥራው ግን ሥራ ነው» አለችኝ። በባጃጅ ሄድኩ። ቻርጀሬን ረስቼ ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ።

ልጁ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ የተበታተነ ላፕቶፕ፣ ብሎን የሞላበት የሻይ ብርጭቆ፣ ከጎኑ የሚጮህ ፎቶ ኮፒ ማሽን። የመጣሁበትን ነገርኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ቫይረስ እንዳለብዎት ማን ነገረዎት?»

«እሱ ራሱ ነዋ፣ ኮምፒውተሩ።»

«ኮምፒውተሩ ነው ወይስ ፕሮግራሙ?»

መልስ አልነበረኝም። ለካ ጥያቄው ሙሉው ትምህርት ነበር።

መጀመሪያ ያደረገው ዋይፋዩን ማጥፋት ነው። ከዚያ ወደኔ አዞረውና «አብረን እንየው» አለ። ይህንን ልብ በሉልኝ። ላፕቶፑን ወደ ጓዳ አልወሰደውም። ነገ ነይ አላለኝም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስክሪኑ ወደኔ ዞሮ ነው የተሠራው። አስተማሪ መሆኔን ሲያውቅ ደግሞ «ቲቸር» ይለኝ ጀመር። የማላውቀው ነገር ሲመጣ ቆም ብሎ ያስረዳኛል፣ ቸኩሎ ቢሆንም።

ከመሳቢያው አንድ ፍላሽ አወጣ። በራሱ ኮምፒውተር ፎርማት አደረገው። ከፍቶ አሳየኝ፣ ባዶ ነው። ላፕቶፔ ላይ ሰካውና ያንን ባለ ቀይ ጋሻ ፕሮግራም ፍላሹን እንዲፈትሽ አዘዘው። ጥቂት ሰከንድ ሮጦ 63 ቫይረስ አገኘሁ አለ። ባዶ ፍላሽ ላይ! ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ንዴቴ መጣ። የአራት ቀን እንቅልፌን የነሳኝ ይሄ ነው?

«አንድ ደግሞ ላሳይዎት» አለ። ግድግዳው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ ትርጉም የሌለው የሚመስል የምልክትና የፊደል ድርድር። 68 ምልክት ነው። ኖትፓድ ላይ ጻፈውና ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጠው። አይካር ይባላል አለኝ። ምንም ጉዳት የለውም፤ አንቲቫይረስ ሠሪዎች ተስማምተው ለሙከራ ያስቀመጡት ነገር ነው። እውነተኛ አንቲቫይረስ ሲያየው እንደ ቫይረስ ቆጥሮ ይጮሃል። የእኛው ባለ ቀይ ጋሻ አልጮኸም። አጠገቡ ተቀምጦለት ዝም። እሱ ያው በ847ቱ ነው የሚምለው።

እኔ በበኩሌ ለዚህች አሥር ደቂቃ ብቻ ብሩን ብሰጠው አይቆጨኝም ነበር። ፎርማት የሚያደርግ ሞልቷል። ውሸቱን ዓይኔ እያየ ያጋለጠልኝ ግን እሱ ነው።

ቀጥሎ ወደ ማጽዳቱ ገባ። ለካ ችግሬ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። በቀኝ ጥግ ብቅ የሚሉት መልእክቶች ከፕሮግራሙ አይደለም የሚመጡት። አንዷ ብቅ ስትል (ዋይፋዩን ለአፍታ አብርቶ ነበር) ጠጋ ብዬ እንዳነብ አደረገኝ። ከሥሯ በደቃቅ ጽሑፍ «ጉግል ክሮም» ይላል፣ ከጎኑ የማላውቀው ድረ ገጽ አድራሻ አለ። ቫይረስ እንኳን አይደለም። አንዱ ገጽ «ሮቦት አለመሆንሽን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ንኪ» ብሏል፣ ልጄ ወይም እኔ ነክተናል። በገዛ እጃችን መልእክት እንዲልክልን ፈቅደንለታል ማለት ነው። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ገባ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ። 11 ገጾች ተሰልፈው ተገኙ። አንድ በአንድ እኔ እንድሰርዛቸው አደረገ። ስልካችሁ ላይም ይህ ነገር ካለ መንገዱ ተመሳሳይ ነው። አባ ኮዳዎቹ በሙሉ በረሩ።

ዋናው ፕሮግራም ግን ልጥፍ ነው። ታስክ ማናጀርን (የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውንና የሚያስዘጋውን መስኮት) ሲከፍት እሱ መልሶ ይዘጋበታል። ልጁ አልተከራከረውም። ሺፍት ቁልፉን ተጭኖ ይዞ ሪስታርት አለው። ሰማያዊ ገጽ መጣ። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ቁጥር 4። ሴፍ ሞድ ይሉታል። ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ይነሳል፣ ሌላው ሁሉ ተኝቶ ይቀራል። ስክሪኑ ጥቁር፣ ጽሑፉ ትልልቅ፣ አስቀያሚ ነው። ግን ቀይ ጋሻው የለም። አሁን ታስክ ማናጀር ተከፈተ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው እንዲነሱ ከተመዘገቡት ዝርዝር ውስጥ አወጣው። በቀጠሮ እንዲነሳ ያስቀመጠው ሌላ ትእዛዝም ነበረ። እሱንም ነቀለው። «አንዱን ብቻ ብነቅል ነገ ተመልሶ ይመጣ ነበር» አለኝ።

ከዚያ በተለመደው መንገድ አስነሳው። ጋሻው አልመጣም። አፕስ የሚለው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ በተጫኑበት ቀን ቅደም ተከተል ደረደራቸው። ልጄ ያን ዕለት ያወረደችው ከላይ ከላይ መጣ። ቀይ ጋሻው ብቻውን አልመጣም፣ ሁለት ጓደኞች አስከትሏል። አንዱ «የኮምፒውተር ማፍጠኛ» ነኝ ይላል። ሦስቱንም አስወገዳቸው።

እዚህ ላይ መብራት ሄደ።

ባትሪ የለኝም ብያችኋለሁ። ላፕቶፑ ድርግም አለ፣ ፎቶ ኮፒውም ዝም አለ፣ መንደሩ ሁሉ ዝም አለ። ልጁ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ብሎኖቹ ተመለሰ። እኔ ጎን ሄጄ ቡና ጠጣሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ደርሶ መብራት አልመጣም። ቡና የምታፈላዋ ልጅ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ነገረችኝ። ወደ 10 ሰዓት ገደማ ከመንደሩ «ኦ!» የሚል ጩኸት ተሰማና መብራት መጣ።

ቀሪው ሥራ ለኔ ዋናው ነበር። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ከመጀመሪያውም አብሮ የሚመጣ ነጻ አንቲቫይረስ አለ፣ ዲፌንደር ይባላል። የታሰረው ውሻችን እሱ ነበር። ልጁ መልሶ ሊያበራው ሲል አንድ ነገር አገኘ። ዲፌንደር ውስጥ «እነዚህን አትፈትሽ» የሚባልበት ዝርዝር አለ። እዚያ ላይ ሲ ድራይቭ በሙሉ ተጽፏል። በሌላ አነጋገር ቤቱን በሙሉ አትጠብቅ ተብሏል። ብናበራው እንኳን ለስሙ በርቶ ምንም አያይም ነበር። ይህንን ፒያሳ ያለው ልጅ ያገኘው ነበር? እንጃ። ዝርዝሩን አጠፋው፣ ዲፌንደርን አበራው፣ ወዲያው ያ 68 ምልክት የተጻፈበት ፋይል ዴስክቶፕ ላይ ተይዞ ጠፋ። ውሻው ጮኸ። አጨበጨብኩ፣ እውነቴን ነው። ፎቶ ኮፒ ሊያነሳ የመጣ ሰውዬ ዞሮ አየኝ።

ኦፍላይን ስካን የሚባል ነገር አስጀመረ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይገባ ይፈትሻል። ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በራሱ ኮምፒውተር ከድርጅቱ ገጽ ላይ ያወረደውን ማልዌርባይትስ የሚባል ሌላ ማጽጃ በፍላሽ አምጥቶ ጫነ። ነጻው ይበቃል አለኝ፤ ፈትሾ ማጽዳት ይችላል፣ ሌት ተቀን ዘብ የሚቆመው ነው የሚከፈልበት። በመጨረሻም ዲፌንደርን ሙሉ ፍተሻ ላይ አደረገው። ይሄ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። 12 ሰከንድ አይደለም። በድምሩ የተገኘው ስንት መሰላችሁ? 9። አብዛኛው ያ አክቲቬተርና የቀይ ጋሻው ቁርጥራጭ ነው። ከ847ቱ አንዱም የለም፣ ምክንያቱም መቼም አልነበሩም።

ከመነሳቴ በፊት የጂሜይል ፓስወርዴን እንድቀይር አደረገኝ፣ በላፕቶፑ ሳይሆን በስልኬ። ባንክ በላፕቶፑ ከፍተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚለውንም በትሕትና ጠየቀኝ። አላውቅም።

«ኦፊሱስ? ልጄ አሳይመንት አለባት፣ አክቲቬት አድርግልኝ» አልኩት።

«ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ የመጣው በሱ አይደል እንዴ?»

ሊብሬኦፊስ ጫነልኝ። ነጻ ነው፣ አክቲቬት ምናምን አይልም፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ልጄ እስከ ዛሬ ታኮርፋለች። እውነት ለመናገር የድሮ ፈተናዎቼ ውስጥ ያሉት ሠንጠረዦች ትንሽ ተንጋደውብኛል፣ ፎርሙላዎቹም አንዳንዶቹ ቦታቸውን ለቀዋል። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሳስተካክል ዋልኩ። ይህን ቀድሞ ቢነግረኝ ጥሩ ነበር።

ዋጋው? 400 ብር። «ፎርማት ቢሆን ያው ነበር ዋጋው፣ ግን የኔ ሥራ ይቀል ነበር» አለኝ። ፋይሎቼ አንድም አልጠፉም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አንደኛ፣ ደረሰኝ የለም። ነገ ችግር ቢመጣ ምን ይዤ እሄዳለሁ? ፊቴን። ሁለተኛ፣ እየሠራ በመሃል ለሚመጣ የፎቶ ኮፒ ደንበኛ ሁሉ ይነሳል። ሦስት ገጽ የመታወቂያ ኮፒ፣ አንድ ላሚኔሽን፣ እንደገና ሦስት ገጽ። ሰው ቢቀጥር ምን አለበት? ሦስተኛው ደግሞ አሳስቦኛል። የኮምፒውተሬን ፓስወርድ ጠየቀኝና ጠረጴዛው ላይ በተከፈተ ደብተር ጻፈው። ከላዩ የሌሎች ደንበኞች ፓስወርድ በስም በስሙ ተደርድሯል። ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኳቸው። አንደኛው የልጁን ስምና 123 ነው ያደረገው። «አንተ፣ ይሄን ደብተር ተማሪ ቢይዘው ምን ይላል?» አልኩት በክፍል ድምፄ። ጆሮው ቀላ። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ቁልፍ ያለው መሳቢያ መሆኑን ግን አላረጋገጥኩም።

ቤት ከገባሁ በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም፣ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ይህ ማጭበርበር ያረጀ ነው። በፈረንጆቹ 2008 መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ዊንፊክሰር፣ ኤክስፒ አንቲቫይረስ በሚሉና በሌሎችም ስሞች የውሸት ማጽጃ የሚሸጡ ሰዎችን ፍርድ ቤት አቁሟል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ገዝቷቸው ነበር። በ2012 ከተከሳሾቹ በአንዷ ላይ ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈርዶባታል። ማክ (የአፕል ኮምፒውተር) ያላችሁም አትኩራሩ፣ በ2011 ማክ ዲፌንደር የሚባል የውሸት አንቲቫይረስ እነሱንም አንገላቷቸዋል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የሱቁ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ኦፊስ ዲፖ የሚባል ትልቅ የቢሮ ዕቃ መደብር አለ። የሰው ኮምፒውተር በነጻ እንፈትሽ ይሉ ነበር። ፕሮግራሙ ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት አራት ጥያቄ ነበረው፤ ይዘገያል ወይ፣ ማስታወቂያ ያመጣል ወይ፣ የመሳሰለው። ደንበኛው አንዱን እንኳን አዎ ካለ፣ ፍተሻው ምንም አገኘ አላገኘ፣ ውጤቱ «የቫይረስ ምልክት አለ» ነው። ከዚያ ጥገና ይሸጥላቸዋል። በ2019 መደብሩ 25 ሚሊዮን፣ ፕሮግራሙን ያቀረበለት ድርጅት ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከኮሚሽኑ ጋር ተስማምተዋል። ይህን ሳነብ ፒያሳ ያለው ባንኮኒና ሦስቱ ጥያቄዎች ትዝ አሉኝ። ልጁ ያንን ታሪክ ሰምቶ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሙያው ግን ያው ነው።

የስታፍ ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ ዓይነቱ አጋጥሟት ያውቃል። ስክሪኑን ሙሉ ይዞ፣ በሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ እየጮኸ፣ «ማይክሮሶፍት ነን፣ በዚህ ስልክ ደውይ» የሚለው። ይህንን ለአቶቴው ልጅ ስነግረው ቀላሉ እሱ ነው አለኝ። ብዙ ጊዜ ሙሉ ስክሪን የያዘ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ኤፍ 11ን ወይም ኢስኬፕን ያዝ ማድረግ፣ እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭኖ ክሮምን ከታስክ ማናጀር መግደል። ሲከፈት «የነበረውን ልመልስ?» ቢል አይሆንም ማለት። የማይክሮሶፍት የእውነት ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር አይኖረውም። ጓደኛዬ እንኳን ያኔ ገመዱን ከግድግዳ ነቅላ ነው የተገላገለችው። ያም ይሠራል።

ከጥገናው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ጋሻው አልተመለሰም። ላፕቶፑ ፈጣን ሆነ ብዬ አልዋሽም፣ 4 ጊጋ ራም 4 ጊጋ ነው። ልጁም ቀድሞ አስጠንቅቆኛል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ የኔ ፕሮሰሰር ደግሞ ስድስተኛ ጄኔሬሽን ስለሆነ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 አይቀበለውም። «አሁን አይቸኩሉ፣ ግን ማጠራቀም ይጀምሩ» አለኝ። ይህን ሲለኝ ሊሸጥልኝ ያዘጋጀው ላፕቶፕ ሼልፍ ላይ ነበር። አልጠቆመኝም። እኔ ነኝ ዋጋውን የጠየቅኩት።

እህቴ ስትነቃ «ምን ሆናችሁ ነው?» ብላ ደነገጠች። ሁሉን ነገርኳት። የ64 ጊጋ ፍላሽ ሰው ስታገኝ እልክልሻለሁ አለች። እስኪመጣ የእናቴን ፎቶዎች በባለቤቴ ስልክ ላይ ገልብጫለሁ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣታለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለደብተሩ ነው። ደረሰኝ ቢጀምር ግማሹን እመልስለታለሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ እሑድ ዝግ ነው። ሰኞ ጠዋት የተማሪ ፎቶ ኮፒ ስለሚበዛ አይሞከርም። ረቡዕና ሐሙስ ከሰዓት ይሻላል፣ መብራት ካለ። ባጃጁን «አቶቴ፣ ጀበና ቡናዋ ጋ» በሉት፣ ካላወቀ ቡናዋን ጠይቁ። ቻርጀራችሁን ያዙ። ልጁ ሰላም ካላላችሁ አትቀየሙ፣ ብሎን እየቆጠረ ነው።